ዝናቡ ከተነገረ ጢሱና አቧራውም ይነገረን



ይህች አጭር አሳቤ በአንባቢያን ዓምድ እንድትወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ግንቦት 30 ቀን 2015 ዓ.ም. የኒውዮርክ ሰማይ ብርቱካን መሰለ። የነደደው ደን ግን ካናዳ ውስጥ ነበር። ባለሙያዎቹ ሳተላይት የተባለችው ሰው ሠራሽ ጨረቃ ያነሣችውን ፎቶግራፍ እያዩ ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ ለሕዝቡ ይናገሩ ነበር። ይህ የባለጸጎች ነገር ነው የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ሜቴኦሳት የተባለው የአውሮፓውያን ሳተላይት 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አፍሪካን በሙሉ እየተመለከተ በየጥቂት ደቂቃው ፎቶግራፍ ይልካል። የአሜሪካው ናሳም እሳት የተነሣበትን ሥፍራ ለዓለም ሁሉ ያለ ዋጋ ያስታውቃል።

ተማሪዎቼ ጢሱ ከአቧራው በምን ይለያል እያሉ ይጠይቁኛል። በቀን ጢስ ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ፥ አቧራ ደግሞ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ሌሊት የሚያገለግለው ዓይን የማያየው የሙቀት ጨረር ነው፤ የጢስ ብናኝ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ጨረሩ ያልፈዋል፥ ጠጠር ያለው አቧራ ግን ይይዘዋል። ስለዚህ አቧራ በጨለማም አይሸሸግም፤ ጢስ ግን ሲመሽ ብዙውን ጊዜ ይሰወርና የእሳቱ ግለት ብቻ ይቀራል። (ይህን ስነግራቸው ከመጽሐፉ ይልቅ ጸጥ ብለው ያደምጡኛል።)

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል እሳቱን ለማጥፋት ከውጭ አገር ሄሊኮፕተር እስከ ማስመጣት ተደርሷል። ከሴኔጋል እስከ አገራችን በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶም በሽታው የሚጠናው አቧራ በሚበዛበት በደረቁ ወራት ነው።

ታዲያ ማታ ማታ ዝናቡና ሙቀቱ ሲነገረን፥ ስለ ጢስና ስለ አቧራ ሁለት ቃል ቢጨመር ምን ይከብዳል? እኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች መስኮት ዘግተን እንቀመጥ ይሆናል፤ አስም ያለበት ልጅ ግን ጧት በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ወላጁ ማታውኑ ቢሰማ አፍንጫውን ሸፍኖ ይልከው ነበር።

ፎቶግራፉ ብቻውን እንደማይበቃ ግን አልሸሽግም። ሳተላይቱ ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ፥ ጢሱ ከራሳችን በላይ ይለፍ ወይም በአፍንጫችን ይግባ ለመለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ በየከተማው በሚመረጡ ትምህርት ቤቶች ቅጥር የአየር መለኪያ መሣሪያ ቢተከል መልካም ይመስለኛል። ንባቡን በየቀኑ ለመመዝገብ በበኩሌ ከተማሪዎቼ ጋር ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር