ሳንሰማ አንመርቅ

እኩዮቼ፣ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል የሚለው ነገር በአገሩ ከተነሣ ቆይቷል። ከሽማግሌዎች ሸንጎአችን፣ ከሶንጎም መድረሱ አይቀርም። የምፈራው ሳትሰሙ እንዳትመርቁት ነው።

ያረጀ አንቀጽ የለም አልልም። አንቀጽ 47 ዛሬም ዘጠኝ ክልል ይቆጥራል፤ ሰባተኛው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ነው። የት አለ? ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጡ። እኛ ጌዴኦዎችም ጥር 29 ቀን 2015 ተሰልፈን ድምፅ ሰጠን፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ይህን መስመር ማውጣት የደረቀ የእንሰት ቅጠል መግፈፍ ነው፤ ማን ይከራከራል?

ብቻ ከደረቁ ጋር እርጥቡ እንዳይቆረጥ። አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። በ1952 እዚሁ ጌዴኦ፣ ምችሌ ላይ በተነሣው አመፅ የወደቁት አባቶቻችን በመሬትና በግብር ምክንያት አይደለም የወደቁት? ነገ ይህም «ጊዜ አለፈበት» ይባል ይሆናል። ልክ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኛ ሳናውቀው ግን አይሂድ።

ዋናውን ስሙኝ። ክልል ስንሆን ኮሮጆ ቀርቦልን ነበር። አንቀጽ ሲወጣ ኮሮጆ የለም። አንቀጽ 104 ሐሳቡ ለመላው ሕዝብ ለውይይትና ለውሳኔ ይቀርባል ይላል፤ ሕዝቡ በኮሮጆ ይወስናል ግን አይልም፤ ማጽደቁ በአንቀጽ 105 የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችና የክልል ምክር ቤቶች ነው። እንግዲህ በእጃችን መኖሩ የተረጋገጠው ውይይቱ ነው። እሱን በጭብጨባ ከዘጋነው «ሕዝቡ ተወያይቶበታል» ተብሎ ይጻፍና ያበቃል። የ1979ን የደርግ ሕገ መንግሥት አትርሱ፤ ረቂቁ በየቀበሌው ተነበበ፣ አጨበጨብን፣ ጥር 24 ቀን ድምፅ ሰጠን። ምን እንዳጸደቀ የሚያውቅ ከመካከላችን ስንት ነበር? እኔ አላውቅም ነበር።

ኮሮጆ ያላቸውም ይጠነቀቃሉ። አሜሪካ ውስጥ አላባማ በምትባል ግዛት፣ በፈረንጆቹ 2012፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪ ለየብቻ ይማር የሚለውን የሞተ ቃል ለማውጣት ሕዝቡ ድምፅ ተጠየቀ። ከተቃወሙት ውስጥ የጥቁሮቹ መሪዎችም ነበሩ፦ የመማር መብትን የሚነፍገው ሌላው ቃል ሳይነካ ይቀራል ብለው። ሐሳቡ ወደቀ። ያ ክፉ ቃል የወጣው ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

ረቂቁ ሲመጣ በቋንቋችን በጌዴኡፋ ይነበብልን በሉ፤ አንቀጽ በአንቀጽ፣ የሚወጣውም የሚቀረውም። በጥቅል ካቀረቡላችሁ ምርቃታችሁን ያዙ።