ሕመሙ ሸሕዲ፣ ማይክሮስኮፑ የት?

በየአዳራሹ ግድግዳ ላይ «የምርምር አቅም ግንባታ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ እናያለን። ከጨርቁ ሥር ንግግር ይደረጋል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ አበል ይፈረማል። ማታ ጨርቁ ይወርድና ይጠቀለላል። ለመሆኑ ጨርቁ ሲጠቀለል አብሮት የሚጠቀለለው ምንድን ነው? እኛ ልንሟገትበት የተነሣነው ይህንኑ ነው። የሕክምና ምርምር አቅም ማለት ሕንፃ አይደለም፤ ከውጭ የመጣ መሣሪያም አይደለም፤ በፈረንጅ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ብዛትም አይደለም። አቅም ማለት የገዛ በሽተኛችንን ጥያቄ፣ በሽተኛው ባለበት ቦታ፣ በራሳችን አፍ ጠይቀን፣ መልሱ እስኪገኝ እዚያው መቆየት መቻል ነው። ከዚህ የጎደለው ሁሉ ጨርቅ ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ ቦታ እንያዝ፤ ሸሕዲን።

ሸሕዲ ከጎንደር ወደ ምዕራብ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ የሚገኝ፣ በመንግሥት ወረቀት ገንዳ ውኃ የሚባል የቆላ ከተማ ነው። ከእሱ አልፎ መተማ ዮሐንስ ነው፤ ማዶው ጋላባት፣ የሱዳን ምድር። መተማን ከታሪክ ትምህርት የምናውቃት በ1889 ዓፄ ዮሐንስ የወደቁባት በመሆኗ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጠቅሳለን)። ከዚያ ወዲህ በመተማ ማን እንደሚወድቅ ግን የሚያስተምረን የለም። በየክረምቱ ከደምቢያው፣ ከበለሳው፣ ከሊቦው ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው፤ አገሬው «ሳሉግ» የሚለው የቆላ ሠራተኛም አለ። ቀን ፀሐይ ሲጠብሰው ይውላል፤ ሌሊት ከግራርና ከበደኖ ሥር፣ በተሰነጣጠቀው ዋልካ መሬት ላይ ይተኛል። ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ከዚያው ስንጥቅና ከዛፉ አካባቢ ተነሥታ ትነድፈዋለች። ወራት ቆይቶ ትኩሳት አለቅህ አልልም ይለዋል፤ ሰውነቱ ያልቃል፤ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ይሞላል። ይህ ካላ አዛር ነው። ካልታከመ ይገድላል። በሽታው የሚጎበኘው ላቦራቶሪና ጠበቃ ያለውን ሳይሆን፣ የቀን ምንዳውን በመሐረብ ቋጥሮ አገሩ ለመግባት የሚጣደፈውን ነው።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቻችን ይነሣሉ። «እናንተ ልጆች፣ ድሀ አገር ምርምር ምን ይሠራላታል? መድኃኒቱን ፈረንጅ አጥንቶታል፤ ገዝቶ ማደል ነው። መጀመሪያ እንከም፤ ምርምር የጠገበ ሰው ሥራ ነው» ይሉናል። ንግግሩ ርኅራኄ ያለው ይመስላል። እስቲ በማስረጃ እንፈትነው።

ፓሮሞማይሲን የሚባለው መርፌ በሕንድ አገር ተሞክሮ ከ100 ሕሙማን ወደ 95 የሚሆኑትን አዳነ። ጥናቱ በ2007 ታተመ። «ገዝቶ ማደል ነው» የሚሉት ሰዎች ምክር ቢሰማ ኖሮ በዚያው ልክ ለመተማውም ሰው ይታደል ነበር። ደግነቱ በኢትዮጵያ፣ በሱዳንና በኬንያ የሚገኙ ሐኪሞች ራሳቸው ሞከሩት። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ ጋር ሆነው በ2010 ያሳተሙት ውጤት ምን አለ? ያው መድኃኒት፣ በያው መጠን፣ በያው 21 ቀን፣ እዚህ ያዳነው ከ100 ወደ 64 ገደማ ብቻ ነው! በሱዳን ጣቢያዎች ደግሞ ከሁሉ የባሰ ዝቅ አለ። አምቢሶም የተባለውም መድኃኒት በሕንድ በአንድ ጊዜ ጠብታ ብቻ አብዛኛውን ሕመምተኛ ሲያድን፣ በእኛ አካባቢ በአንድ ጊዜ ጠብታ አልበቃ ብሎ ሙከራው እንዲቆም ተደረገ። አር.ኬ.39 የሚባለው ፈጣን የደም ምርመራም እንዲሁ ነው፤ በሕንድ እንደሚያምኑት እዚህ አይታመንም፤ አንዳንዱን በሽተኛ ጤነኛ ብሎ ያሰናብታል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጥገኛ ተውሳኩም፣ ሰውየውም፣ ቆላውም ሌላ ነው። እንግዲህ «መጀመሪያ እንከም» የሚለው ሰው በምን ሊያክም ነው? በሌላ ሰው ልክ በተሰፋ እጀ ጠባብ?

ሌላ ማስረጃ እንጨምር። በ2004 በሊቦ ከምከም ደጋ ሰው በማይለቅ ትኩሳት መርገፍ ጀመረ። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው። ካላ አዛር መሆኑ የታወቀው በ2005 ነው። ለምን ቢባል ካላ አዛር የቆላ በሽታ ነው ተብሎ ስለተጻፈ፣ በደጋ የፈለገው አልነበረም። እስከ 2007 ባለው ጊዜ 2,450 ሕሙማን ተመዘገቡ፤ 120 ሰው ሞተ። በሽታውን ወደ ደጋው ያመጣው ከመተማና ከሁመራ የሚመለሰው የቀን ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተገምቷል። እዚያ ታች፣ ሠራተኛው በሚሳፈርበት ከተማ፣ ተቀምጦ የሚጠይቅ፣ የሚቆጥርና የሚያስጠነቅቅ ዓይን ቢኖር ኖሮ ስንት ወር ይተርፍ ነበር? «ምርምር የጠገበ ሰው ሥራ ነው» የሚለን ይህንን ይመልስልን።

ደግሞ «አንችልም» የሚል ወገን አለ። ይኸኛው ከፊተኛው ይብሳል፤ ፊተኛው ገንዘብ ነው የሚሰስተው፤ ይህኛው እምነት ነው። በ1953 በደምቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ይህ ነው። ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታርያኑን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ትምህርት ቤቱ የተወለደው ከበሽታው ደጃፍ ነው ማለት ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያ አስተላላፊ ነው። ከእናቶቻችን ማጠቢያ ውስጥ መድኃኒት አገኘ። ነገር ግን ምርመራው በአገር ቤት በመሠራቱ በቂ ሆኖ አልተቆጠረለትም፤ እንደገና በውጭ ላቦራቶሪ ይመስከር እየተባለ ዓመታት ባከኑ። ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! የጎደለው ጭንቅላት አልነበረም። የጎደለው «እኛ መርምረነዋል» ስንል የሚታመን፣ በሁለት እግሩ የቆመ ላቦራቶሪ ነው።

ቅርብ ጊዜም ምስክር አለን። የምሥራቅ አፍሪካ የሌሽማንያሲስ መድረክ በ2003 ካርቱም ላይ ተመሠረተ፤ ጎንደርም አብሮ ሠራ። የ30 ቀኑን የመርፌ ስቃይ ወደ 17 ቀን ያወረደው የሁለት መድኃኒቶች ጥምረት ከዚያ ሥራ ወጥቶ በ2010 የዓለም ጤና ድርጅትን ምክር አገኘ። ኤች.አይ.ቪ. እና ካላ አዛር አብረው ለያዙት ሰው አምቢሶምና ሚልቴፎሲን በአንድነት ቢሰጡ እንደሚሻል በጎንደርና በአብደራፊ ተሞከረ፤ ዶክተር ኤርሚያስ ዲሮና ባልደረቦቹ በ2019 አሳተሙት፤ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ለወጠ። አያችሁ? የመተማና የአብደራፊ በሽተኛ የተሳተፈበት ጥያቄ ጄኔቭን አናገረ። ማን ነው አንችልም ያለው?

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ ጥያቄው በእንግድነት የሚመጣ መሆኑ ነው። የሙከራው ገንዘብ ከአውሮፓ ሲመጣ ቴክኒሻን ይቀጠራል፤ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ ጀኔሬተር ይነሣል። ውጤቱ ሲታተም ቴክኒሻኑ ይሰናበታል፤ ጀኔሬተሩ ነዳጅ ያጣል። በሦስት ዓመት ጣፊያ በመርፌ ቀድቶ ተውሳኩን ለይቶ ማየት የተካነ እጅ ሱቅ ይከፍታል። ሌላ ፕሮጀክት ሲመጣ ሌላ ሰው ከሀ ይጀምራል። ይህ አቅም ግንባታ ከተባለ፣ በየዓመቱ ፈርሶ በየዓመቱ የሚሠራ የገበሬ ዳስም ቤተ መንግሥት ይባል!

ሁለተኛው ችግር ጥያቄውን የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ነው። የቆላው ነርስ በሽተኛው ከየትኛው እርሻ እንደመጣ፣ በየትኛው ወር እንደሚበዛ፣ ለምን ሕክምናውን አቋርጦ እንደሚጠፋ ያውቃል። አጨዳ ሲደርስ ምንዳ ስለሚጨምር ነው የሚጠፋው! ይህን የሚያውቀውን ሰው በጥናቱ ወረቀት ላይ ምን ብለን እንጠራዋለን? «መረጃ ሰብሳቢ»። ቅጽ ሞልቶ ይሰጣል፤ ቅጹ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ተመልሶ የነገረው የለም። ጥናቱም በእንግሊዝኛ ታትሞ ይቀመጣል፤ ያ ነርስ አያነበውም፣ ሠራተኛውማ ስሙንም አይሰማ።

ስለዚህ ጥያቄያችንን በአጭሩ እናስቀምጥ። አንደኛ፣ በሸሕዲ ቋሚ የምርምር ጣቢያ ይኑር፤ የላቦራቶሪ ሠራተኛውና የዝንብ አጥኚው ደመወዝ በመንግሥት በጀት ይያዝ። ረጂ ቢመጣ እሰየው፣ ቢሄድ መብራቱ አይጥፋ። የአፍሪካ መንግሥታት ከአገር ምርታቸው ከመቶ አንዱን ለምርምር ለማዋል በ2006 እዚያው ጎረቤት ካርቱም ላይ ተስማምተው ነበር፤ አገራችን እዚያ አልደረሰችም። ሁለተኛ፣ የሕክምና ተማሪ የመመረቂያ ጥናቱን ከመደርደሪያ ርእስ ሳይሆን ከቆላው ጤና ጣቢያ ጥያቄ ይውሰድ፤ ከአንዱ ተማሪ የቀረውን ተከታዩ ይቀጥል። ሦስተኛ፣ የጥናቱ ውጤት ሁሉ በአማርኛ ተጽፎ ወደተጠናበት ቦታ ይመለስ፤ ጥያቄውን ያፈለቀው ነርስም ስሙ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይሁን። አራተኛ፣ ድንበሩ ለዝንቧ ድንበር ስላልሆነ ለዕውቀትም አይሁን። በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በር ገባ፤ በዚያው ዓመት በኩመር የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ተነሣ። ከገዳሪፍና ከካርቱም ጋር የተገነባው የጋራ ሥራ በጦርነት ሲናጋ፣ ከወዲህ በኩል ያለው ጣቢያ ጠንክሮ ካልቆመ ማን ይቆጥር?

«ይህ ሁሉ ከየት ገንዘብ?» የሚል አይጠፋም። እኛ ደግሞ እንጠይቀዋለን፤ በየዓመቱ ለጨርቁ፣ ለአዳራሹና ለአበሉ ከየት ተገኘ? የአንድ ስብሰባ ወጪ ስንት የማይክሮስኮፕ መስተዋት ይገዛል? ሂሳብ የሚችል ይደምርልን። ሰሊጡ በዶላር ይሸጣል፤ ሰሊጡን ያጨደው ልጅ ጣፊያ ግን በማን ገንዘብ ይመርመር እየተባለ ረጂ ይጠበቃል። ይህ የድህነት ሳይሆን የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው።

የማይስማማን ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ብዕራችን አይደርቅም። ግን ሲጽፍ አንድ ነገር እንለምነዋለን። ስለ አቅም ከመጻፉ በፊት ጥያቄው የማን እንደሆነ፣ መልሱስ ተመልሶ የት እንደሚደርስ ይንገረን። መልሱ ሸሕዲ የማይደርስ ከሆነ ጨርቁን አጥፎ ያስቀምጥ፤ ለቆላው ልጅ ቢያንስ ለማታ አጎበር ይሆነዋል።