ለምለም ሁሉ ንጹሕ አይደለም

በዚህ ወር ለጾም ማእድ ስለሚስማማው ስለ ሰላጣና ፍራፍሬ ጥቂት ለማውሳት አስበናል። በጾም ወራት ምስርና ሽሮ በየዕለቱ ሲመላለስ ልጆች መሰልቸታቸው፥ እናቶችም የሚያቀርቡትን ማጣታቸው የታወቀ ነው። ሰላጣ ከብርቱካንና ከአቮካዶ ጋር ተሰናድቶ ቢጨመር ግን ማእዱን ከማስዋቡም በላይ፥ በብርቱካኑና በሎሚው ያለው ቫይታሚን ሲ በምስሩና በሽሮው የሚገኘውን የብረት ማዕድን ሰውነታችን በሚገባ እንዲቀበለው ይረዳል።

ሆኖም ከአሠራሩ በፊት ስለ ቅጠሉ መናገር ግድ ሆነብን። አንድ ቀን ማለዳ በአቃቂ ገበያ ሰላጣ ልንገዛ ሄደን፥ «እማማ፥ ይህ ከየት የመጣ ነው?» ብለን ሻጪቱን ጠየቅናቸው። እሳቸውም፥ «ከወንዙ ዳር ነው የኔ ልጅ፤ አሁን የተቆረጠ፥ ጤዛው እንኳ ያልረገፈ» አሉን። እውነታቸውን ነበር፤ ቅጠሉ እጅግ ያምር ነበር። እኛ ግን ሎሚ ብቻ ገዝተን ተመለስን።

ምክንያቱ ይህ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከተማውን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርዱ የመኖሪያ ቤቱንም የፋብሪካውንም ፍሳሽ ተሸክመው ይመጣሉ። በዚህ ውሃ የሚለማ ቅጠል ሁለት ዓይነት ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። አንደኛው ከላይ የሚያርፈው የአሜባና የወስፋት ዘር ነው፤ ይህን በጥሩ እጥበት መቀነስ ይቻላል። ሁለተኛው ግን እንደ እርሳስና ክሮሚየም ያለው፥ በሥር ገብቶ ከቅጠሉ ጋር የሚዋሐደው ብረት ነው፤ ይህንንስ ሎሚም ኮምጣጤም አያወጣውም። በአዲስ አበባ በለማ ቅጠላ ቅጠል ላይ ተደርጎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የታተመ ጥናት፥ እንዲህ ያለው ብረት በሰላጣና በቆስጣ ላይ ከተፈቀደው መጠን በላይ መገኘቱን፥ በጥቅል ጎመን ላይ ግን ማነሱን አስታውቋል።

ይህን ስንል ገበሬውን መውቀሳችን አይደለም፤ እርሱ በደረሰው ውሃ ልጆቹን ያሳድጋል፤ ጥፋቱ ከላይ ሆኖ የሚለቅቀው ነው። ወንዙን ማጽዳት ከአንዲት እናት አቅም በላይ ቢሆንም፥ ቅጠሉን መምረጥ ግን በእጅዋ ነው።

እኛ በቤታችን ደጃፍ ሦስት አሮጌ ሳፋዎች ከሥር ቀዳድተን፥ ንጹሕ አፈርና በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ሞልተን፥ የሰላጣ ዘር በስሱ ዘራንባቸው። ልጆች ማታ ማታ በቧንቧ ውሃ ያጠጡታል። በሁለት ወር ገደማ ለመብል ይደርሳል፤ የውጭ የውጩን ቅጠል ብቻ ለቀሙለት ልቡ እንደገና ያቈጠቍጣል። ቦታ የሌለው ሰው ከመግዛቱ በፊት በምን ውሃ እንደለማ ይጠይቅ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። ለአምስት ሰው አንድ ራስ ሰላጣ፥ ሁለት ብርቱካን፥ አንድ የበሰለ አቮካዶ፥ አንድ ቀይ ሽንኩርትና አንድ ቃሪያ ይበቃል። ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል ለያይታችሁ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ ፍራፍሬውንም ከመላጣችሁ በፊት እጠቡት። ቅጠሉን በንጹሕ ጨርቅ አድርቃችሁ በእጅ ቍረጡት፤ እርጥብ ቅጠል ማጣፈጫውን አይዝምና።

ለማጣፈጫው ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት በጥቂት ውሃ በጥብጡ። የሁለት ሎሚ ጭማቂ፥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይት፥ አንድ ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨምራችሁ ክዳን ባለው ጠርሙስ በኃይል ናጡት። ዘይትና ሎሚ ለየብቻ መቆም ይወዳሉ፤ ሰናፍጩ ግን አስማምቶ ያቈያቸዋል። አቮካዶው እንዳይጠቍር ወዲያው ሎሚ ንኩት። ማጣፈጫውን የምታፈሱት ቤተ ሰቡ ከማእዱ ዙሪያ ከተቀመጠ በኋላ ይሁን፤ ጨው የቅጠሉን ውሃ ስቦ ያጠወልገዋልና።

ባለፈው ሳምንት ለእነዚያ እናት ከሳፋው የለቀምነውን ሰላጣ ወስደን ብንሰጣቸው፥ ዘሩን ከየት እንዳገኘን ጠየቁን። የቀረንን ግማሽ ጥቅል ሰጠናቸው።