ኒካሕ ቅጣት አይደለም



ከወላጆች ዘንድ አንድ ስሞታ ይሰማል። «ልጆቻችን በየስልካቸው የሚያነቡት ልብ ወለድ፣ ሴት ሴትን የምታፈቅርበት፣ ባለ መጠጥ ቤቷም የምትወደስበት ሆኗል፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ይከልከልልን» ይላሉ። የሸሪዓው ብይን የታወቀ ነው። መጠጡም ሆነ ከኒካሕ ውጭ ያለው ግንኙነት ሐራም መሆኑን የመድረሳ ሕፃን ያውቀዋል፤ በዚህ ላይ ቀለም አልጨርስም። የእኔ ሙግት ከወላጆች ጋር ነው። መጽሐፉን የሚረግመው ቤተሰብ በመጽሐፉ የተተረከውን ጥፋት በገዛ ቤቱ ይደግመዋል፤ ልጁን በኒካሕ ይቀጣል።

ከእነዚህ ልብ ወለዶች አንዱን እንመልከት። ናይጄሪያዊቷ ቺኔሎ ኦክፓራንታ እ.ኤ.አ. በ2015 «ከኡዳላ ዛፎች ሥር» የሚል መጽሐፍ አሳትማለች። ታሪኩ የሚጀምረው በቢያፍራ ጦርነት ዘመን ነው። አባቷ በአውሮፕላን ድብደባ የሞተባት ኢጄኦማ በሰው ቤት እየሠራች ስትኖር፣ አሚና ከምትባል የሐውሳ ልጅ ጋር ትፋቀራለች። እናቷ ይህን ስትሰማ ወደ ራሷ ትወስዳትና መጽሐፍ ቅዱስ እያስነበበች ልትመልሳት ትታገላለች። ልጅቱ ካደገች በኋላ ደግሞ ሌላ ሴት ትወዳለች፤ ቀን ቤተ ክርስቲያን፣ ሌሊት በስውር የጭፈራ ቤት በሚሆን ስፍራ ይገናኛሉ። እናቲቱ በመጨረሻ የያዘችው መድኃኒት ጋብቻ ነው። ኢጄኦማ ቺቡንዱ ለሚባል ሰው ተዳረች፤ ሴት ልጅም ወለደች። ትዳሩ ግን ትዳር አልሆነም። እሷም ደስታ አጣች፣ ባልዮውም መረረው፤ ሕፃኗን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች።

ከደራሲዋ ጋር በብዙ ነገር አንስማማም። ሒሳቡን ግን ቁጠሩት። አንዲትን ልጅ ለመመለስ ተብሎ በተደገሰው ሠርግ የተጎዱት ሦስት ናቸው። ያ ሰው ምን በደለ? ሕፃኗስ?

«ይህ የናይጄሪያ ወሬ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በእኛ ዘንድ ሰበቡ ይለያይ እንጂ የሚታዘዘው መድኃኒት ያው ነው። ከመካነ ሰላም እስከ ወግዲ፣ ከከላላ እስከ ሳይንት ባለው ደጋ፣ የልጅቱ ስም በወሬ ከተነሳ፣ ከጓደኛዋ ጋር መቀራረቧ ከበዛ፣ ወይም በአባቷ ፊት ቀና ብላ ከተናገረች «ቶሎ እንዳራት» የሚል ሞልቷል። ከሠርጉ የሸሸችው ጎህ ሳይቀድ መኪና ይዛ ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ዘመድ የሌላትን ልጅ ፈጥኖ የሚቀበላት ደግሞ መጠጥ ቤቱ ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ስለ ውቤ በረሃ ሴቶች በመጻፉ ብዙ ሰው ተቆጥቷል። እንዲህ ያሉ ሴቶች ከየትኛው ቤት ወጥተው እዚያ እንደደረሱ የጠየቀው ግን ስንቱ ነው? ኮማሪቷን እንኮንናለን፤ ሠራተኛ የምንልክላትም እኛው ነን።

«አባት ወሊይ ነው፤ ድንግል ልጁን የመዳር መብት አለው» የሚሉ ኪታብ የቀሩ ወንድሞች አሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ይህ መብት ለአባት መሰጠቱ እውነት ነው። ሸርጡንም ግን አብረን እንቅራ። በአባትና በልጅ መካከል ግልጽ ጠላትነት እንዳይኖር፣ ባልዮውም አቻዋ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ፈቃዷን መጠየቁም የተወደደ ነው ይላል። በሐነፊይ መዝሀብማ ባሊግ የሆነችን ሴት አስገድዶ መዳር የለም። ታዲያ በንዴትና በእፍረት ልጁን የሚድር አባት በየትኛው ሸርጥ ላይ ቆሞ ነው? አንድ ጊዜ አግብታ የነበረችው ኸንሳእ ቢንት ኺዛም፣ አባቷ ሳትፈልግ ቢድራት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሄዳ አመለከተች፤ እሳቸውም ኒካሑን አፈረሱት። ይህን ቡኻሪ ዘግበውታል።

የአገሩም ሕግ ግልጽ ነው። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይፈርዳል።

ወሬ አመላላሹም ድርሻ አለው። ሱረቱ ኑር ንጹሕ ሴትን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው 80 ግርፋት እንዲገረፍ ደንግጓል። ሱረቱል ሑጁራት ደግሞ ነውር ፍለጋ መሰለልንና ሐሜትን ከልክሏል። ጀበና ዙሪያ ተቀምጦ የሰው ልጅ ስም የሚያነሳ ሁሉ ይህን ይፍራ።

«እና ዝም ብለን እንይ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ዝም አትበሉ። ልጅቱ ግን አትደብደብ፣ ከቤት አትባረር፣ ከትምህርቷም አትነቀል። እናት ለብቻዋ አስቀምጣ ታዳምጣት፤ የሰማችውንም ለጎረቤት አታውጣ። አባት ቁጣው እስኪበርድ ስለ ሠርግ አያንሳ። ኒካሕ የሚያስረው ሸህም የአባትን ቃል ብቻ ሰምቶ አይሰር፤ ልጅቱን ራሷን ከሰው ለይቶ ይጠይቃት። «እንቢ» ካለች የቀረበለትን ሳይቀምስ ተነስቶ ይሂድ።

መጽሐፍን ከቤት ማስወጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የወጣችን ልጅ ለመመለስ ግን ዕድሜ ልክ ደጅ ሲያዩ የኖሩ እናቶች አሉ። ልጆቻችን የአላህ (ሱ.ወ.) አደራ ናቸው፤ ስለ አደራውም ተጠያቂዎች ነን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።