«ወሬ በዛበት» ላልከው ወንድሜ



በዚህ ሴሚስተር በንባብ ዙራችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የከረመው አሜሪካዊው ጄፍሪ ዲቨር እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተመው «ኤ ሜይደንስ ግሬቭ» ነው። እንግሊዝኛው አይከብድም፤ ገጹ ግን ብዙ ነው። ታሪኩ በካንሳስ ግዛት ይጀምራል። ከእስር ቤት ያመለጡ ሦስት ወንጀለኞች መስማት የተሳናቸው ሴት ተማሪዎችንና መምህራኖቻቸውን ከነአውቶብሳቸው ይይዙና አንድ የተተወ ቄራ ውስጥ ያስገቧቸዋል። ፖሊስ ቄራውን ይከባል። አርተር ፖተር የሚባል የኤፍቢአይ ተደራዳሪ ይመጣና ስልክ ያነሳል። ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው መጽሐፍ ንግግር ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ያነበብነው ተሰብስበን ተወያየን። አንድ የኢንጂነሪንግ ወንድማችን «ወሬ በዛበት» ብሎ ጀመረ። «ተኳሾቹ ከበው ቆመዋል፣ ሰውዬው አሁንም ያወራል። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ በሩን ሰብሮ የሚገባ ሰው ስጠብቅ ነበር» አለ። ሳቅን፤ ግማሻችን እንደሱ ስንጠብቅ ነበርና።

ሌላው ወንድም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የአጋቾቹን መሪ፣ ሉ ሃንዲን፣ እንደወደደው ተናገረ። አፍሮ ነበር። ግን ማፈር አልነበረበትም፤ ሃንዲ ብልህና ተጫዋች ተደርጎ ነው የተጻፈው፣ ፖተር ራሱም ከዚህ ስሜት ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በስቶክሆልም አንድ ባንክ ውስጥ ስድስት ቀን የታገቱ ሠራተኞች ለአጋቾቻቸው አዝነው የወጡት ነገር ዛሬም በከተማይቱ ስም ይጠራል። ደራሲው ያንን ስሜት አንባቢው ላይ ነው የሞከረው።

ከሁሉ የተሻለውን የተናገረችው ታናሽ ወንድሟ መስማት የማይችል እህታችን ናት። «በሌላው መጽሐፍ ታጋች ማለት እንደ ሻንጣ የሚጎተት ነው» አለች። እዚህ ግን ልጆቹ ጠመንጃ በተደገነባቸው ሰዎች ፊት በእጃቸው ይነጋገራሉ፣ ይመክራሉ፣ ይጣላሉ፤ አጋቾቹ ቆመው እያዩ አንድ ቃል አይገባቸውም። እኔ ይህን ሳነብ አልፌው ነበር። እሷ ከተናገረች በኋላ ተመልሼ አነበብኩት።

አንድ ወንድም ደግሞ መጽሐፉ ወንጀል ያስተምራልና ከመደርደሪያችን ይውጣ ብሏል። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ፤ ጠቤ ከመጀመሪያው ጋር ነው።

ወንድሜ፣ አንተ ወሬ ያልከው ሥራው ነው። አጋቹ ቀነ ገደብ ይሰጣል፣ ፖተር ገደቡን ይገፋል። አንድ ነገር ይጠየቃል፣ ለሱ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ሰዓት ባለፈ ቁጥር የተቆጣ ሰው ይደክማል፣ ይርበዋል፣ ቁጣው ይበርዳል። ይህ ደግሞ የልቦለድ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ ጊዜ የጀርመን ፖሊስ በተኩስ ላድን ብሎ ዘጠኝ ታጋቾች በዚያው አለቁ። በማግስቱ ዓመት የኒው ዮርክ ፖሊስ ሥራቸው መነጋገር የሆነ ሰዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በሩን ሰብሮ የሚገባው ጀግና ፊልም ላይ ያምራል፤ ከበሩ ጀርባ እህትህ ብትኖርስ?

ይህን ስል አንድ ሌላ አንባቢ ትዝ ይለኛል። መጽሐፉን ሲመልስልኝ «አውቶብሱ ላይ ቆምኩ» ብቻ ነው ያለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶብስ ወርደው ታግተዋል። እኛም ሴሚስተር ሲያልቅ በአውቶብስ ነው የምንሄደው፤ እናቶቻችን እስክንደርስ በየከተማው እየደወሉ «የት ደረስክ?» ይላሉ።

ለዚህ ነው መጽሐፉን ስዘጋ ከጥይቱም ከደሙም ይልቅ እንደ ተረት የታየኝ ስልኩ የሆነው። በካንሳስ ስልኩን የሚያነሳው ለዚህ የሠለጠነ፣ ምን እንደሚል የሚያውቅ፣ ከኋላው መንግሥት የቆመለት ሰው ነው። እኛ አገር ስልኩ የሚጮኸው አባት ኪስ ውስጥ ነው። የልጁን ድምፅ እየሰማ ዋጋ የሚከራከረው እሱ ነው። ከብት ይሸጣል፣ ይበደራል፣ ጎረቤት ያዋጣለታል። ስለ ታጋቾች ስናወራ ይህ ሰው ሁልጊዜ ይረሳል፤ ያለ ሥልጠና የተሾመ ፖተር እሱ ነው።

ንግግር ምን ያመጣል ለሚል ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ታሪክ አለ። «ዘ ሜሴጅ»ን ያላየ በመካከላችን የለም። እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1977 ሐማስ ዐብዱል ኻሊስ የተባለ ሰው አሥራ አንድ ተከታዮቹን ይዞ በዋሽንግተን ሦስት ሕንፃዎችን ያዘ፤ አንዱ የከተማዋ እስላማዊ ማዕከል ነበር። 149 ሰው ታገተ። አንድ ወጣት የሬዲዮ ጋዜጠኛም ተገደለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ያዋርዳል ብሎ ያመነበት ይህ ፊልም እንዳይታይ ነበር። ሌላው ግን የልብ ቁስል ነው፦ ከአራት ዓመት በፊት ሕፃናትን ጨምሮ ሰባት ቤተሰቦቹ ቤቱ ውስጥ ተገድለውበታል፣ ገዳዮቹ እንዲሰጡት ይፈልጋል።

ከበባው 39 ሰዓት ያህል ፈጀ። የጨረሱት የግብጽ፣ የፓኪስታንና የኢራን አምባሳደሮች ናቸው። ሦስት ሙስሊሞች መሣሪያ ሳይዙ ገብተው ከሰውየው ጋር ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ፤ ስለ ምሕረት የሚናገሩ የቁርኣን አንቀጾችን አብረውት አነበቡ፣ ስለ ልጆቹም አዳመጡት። ታጋቾቹ ያለ አንድ ጥይት ወጡ። ማዳመጣቸው ግን ከፍርድ አላዳነውም፤ ተፈርዶበት እ.ኤ.አ. በ2003 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ሃንዲን ወደድኩት ብሎ ያፈረው ወንድም ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል። ኻሊስ የተበደለ ሰው ነበር፤ የበደሉት ግን እነዚያ 149 ሰዎች አልነበሩም። ሰውን እስከ መጨረሻው ሰምቶ «ይህ ግን አይሆንም» ማለት ይቻላል።

መጽሐፉ ይውጣ ላለው ወንድም፦ ስድቡና ግድያው እኔንም አስመርሮኛል፣ ለፍሬሽ ተማሪ በመጀመሪያ የምሰጠው መጽሐፍም አይደለም። ግን ወንጀል አያስተምርም።  በመደርደሪያችን ላይ አንድ ሰው ሌላውን በትዕግሥት የሚያዳምጥበት ስንት ልቦለድ አለን? እኔ ሁለተኛ አላገኘሁም። አስተያየቱን ለሹራው በጽሑፍ ቢያቀርብ እኔም መልሴን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

መጽሐፉ አሁን ሴቶች ዶርም ነው፤ ሦስት ሰው ተመዝግቦ ይጠብቃል። የጨረሳችሁ እባካችሁ መጨረሻውን አትናገሩ። ያ የኢንጂነሪንግ ወንድም ሐሙስ ዕለት ሊናገር ሲል አፉን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አፉ ይበለኝ።