ማታ ማታ ቆጡን ፈትሹት

ጠዋት ዕንቁላል ልታነሱ ዶሮ ቤት ገብታችሁ ስትወጡ ክንዳችሁን የሚያሳክካችሁ ከሆነ፣ ዶሮዎቹም ሲመሽ ወደ ቆጣቸው ለመውጣት ካቅማሙ፣ አንድ ነገር ጠርጥሩ። የዕንቁላሉ ቁጥር ሲቀንስና በዶሮዋ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ሲገረጣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ፈንግልን ነው። ፈንግል ግን በቀናት ውስጥ ቤቱን ባዶ ያደርጋል እንጂ ለሳምንታት አያጎሳቁልም። ቀስ እያለ ደም የሚመጠው ቅንቅን ነው።

ቅንቅን የመዥገር ዘመድ ነው። መጠኑ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሲራብ ግራጫ፣ ሲጠግብ ቀይ ይሆናል። ተንኮሉ ቀን ቀን ዶሮዋ ላይ አለመገኘቱ ነው። በጠራራ ፀሐይ ዶሮዋን ይዛችሁ ክንፏን ብትገልጡ ምንም አታዩም። እሱ በዚያ ሰዓት በቆጡ እንጨት ቅርፊት ሥር፣ በምስማር ቀዳዳና በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቋል። ሲጨልም ይወጣል፣ ይጠጣል፣ ይመለሳል። ስለዚህ ከመሸ በኋላ በስልካችሁ መብራት ገብታችሁ የቆጡን የታችኛውን ጎን በነጭ ሶፍት ፈተግ አድርጉት። ሶፍቱ ላይ የደም መስመር ከቀረ መልሱን አግኝታችኋል።

ወልድያ ውስጥ በጓሮ የሚሠራ የዶሮ ቤት ብዙውን ጊዜ ባህር ዛፍ፣ ጭቃና ቆርቆሮ ነው። ቅርፊቱ ያልተላጠ የባህር ዛፍ ቆጥ ለቅንቅን የተሠራ ቤት ማለት ነው። ሲሪንቃን አልፋችሁ ወደ መርሳ ስትወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሙቀት ያገኘ ቅንቅን ከዕንቁላል ተነስቶ በ1 ሳምንት ገደማ ራሱ ዕንቁላል ጣይ ይሆናል። የሀብሩ ሰው «ባለፈው ወር አጽድቼው ነበር» ቢል ማጽዳቱ እውነት ነው፤ ግን አልበቃም። ዶሮዎቹን ሸጦ ቤቱን ባዶ መተውም አያዋጣም፤ ቅንቅን ሳይበላ ለወራት ይቆያል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ ለእህል ነቀዝ የተገዛ ዱቄት ወይም ለትኋን የተቀመጠ ፍሊት ይኖራል፤ ያንን አንስቶ ዶሮዋ ላይ መነስነስ ወይም መርጨት ቀላል ይመስላል። ዶሮዋ ላባዋን በመንቆሯ ስታበጥር መርዙን ትውጠዋለች፤ በቆዳዋም ይገባል፤ ከዚያ ወደ ዕንቁላሉ ያልፋል። ያንን ዕንቁላል ቀቅለን የምንሰጠው ለትንሹ ልጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኔዘርላንድስና በቤልጂየም የሆነውም ይኸው ነበር። ለቅንቅን ማጥፊያ የተረጨው ፈሳሽ ከባህር ዛፍና ከመሰል ዕፅዋት ዘይት የተሠራ ነው ተብሎ ነበር። ውስጡ ግን ፊፕሮኒል ተገኘበት፤ ለሰው ምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ በአውሮፓ ሕግ የተከለከለ መርዝ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ዕንቁላል ከገበያ ተሰብስቦ ተወገደ። ያን ሁሉ ተቆጣጣሪ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ጽሑፉ የጠፋ ጠርሙስ ከጓዳ አውጥቶ መርጨት ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ አስቡት። መድኃኒት የግድ ካስፈለገ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቃችሁ ይሁን፤ ዕንቁላሉ ለስንት ቀን እንደማይበላም አብራችሁ ጠይቁ።

እኔ የምመክረው ከዶሮዋ ይልቅ ቤቱን ማከም ነው። በደረቅ ቀን ዶሮዎቹን አውጡ፤ ሰጋቱራውን ወይም ገለባውን ጠርጋችሁ ከግቢ አርቃችሁ አቃጥሉ። ቆጡን ነቅላችሁ ቅርፊቱን ላጡት። ልጆችን አርቃችሁ የፈላ ውኃ በየስንጥቁ አፍስሱ፤ ሲደርቅ ስንጥቁን በጭቃ ምረጉና ኖራ ቀቡት። ቆጡን ስትመልሱ ግድግዳ አታስነኩት፤ እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት ባለባቸው ጠባብ ጣሳዎች ውስጥ አቁሟቸው፤ ቅንቅኑ ዘይቱን አይሻገርም። የፈላ ውኃውን በየሳምንቱ ለ3 ጊዜ ድገሙት፤ የመጀመሪያው ዙር ያልነካቸው ዕንቁላሎች ይፈለፈላሉና። በአሮጌ ሳፋ ደረቅ አፈርና የተነፋ አመድ ብታስቀምጡላቸው ደግሞ ዶሮዎቹ ራሳቸው ይታጠቡበታል። አያቶቻችን ምድጃ ያፀዱበትን አመድ ዶሮ ሲንከባለልበት ዝም ብለው ያዩት የነበረው በከንቱ አልነበረም።

የዶሮዋ እግር ቅርፊት አውጥቶ ከሻከረ ያ ሌላ ዓይነት ቅንቅን ነው፤ እሱ ከእግሯ አይወርድም። ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ዘፍዝፋችሁ፣ በቀስታ ፈትጋችሁ፣ ቫዝሊን ቀቡት፤ እስኪለሰልስ በየጥቂት ቀኑ ድገሙት።

ዶሮዎቻችሁ ማድ ቤት ወይም ከልጆች መኝታ ግድግዳ ጋር በተያያዘ ቤት የሚያድሩ ከሆነ ቅንቅኑ ሰውንም ይነክሳል፤ ሰው ላይ ግን አይራባም። ልጁን በሳሙና ማጠብና አንሶላውን መቀቀል ይበቃል፤ ዶሮዎቹ ግን ቦታ ይቀይሩ።

ከገበያ የመጣች አዲስ ዶሮ ለ2 ሳምንት ለብቻዋ ትደር። ከሱቅ የተዋሳችሁትን የዕንቁላል ካርቶንም ዶሮ ቤት አታስገቡ፤ ቅንቅኑ በእሱም ይጓጓዛል። ከሦስተኛው ዙር በኋላ አንድ ማታ ሶፍታችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ነጭ ሆኖ ከወጣ፣ ከ15 ቀን በኋላ አንድ ጊዜ እዩት።