መነሻው ያልተነገረ ሰዓት

በፊዚክስ ፈተና ላይ «ፍጥነቱ 20 ነው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ አያገኝም። ሜትር በሰከንድ ይሁን ኪሎ ሜትር በሰዓት ካልተገለጸ ቁጥሩ ትርጉም የለውምና። ይህንኑ ሕግ በድረ ገጾቻችን ላይ ስንጥሰው ምን እንደሚደርስ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንወዳለን።

በርካታ የዘመኑ ድረ ገጾች ሁለት ጊዜ ይዘጋጃሉ። በመጀመሪያ ሰርቨሩ ቴምፕሌት የሚባለውን ባዶ ቅጽ በመረጃ ሞልቶ ይልካል፤ መስመሩ ደካማ የሆነበት ተጠቃሚም ብዙ ሳይጠብቅ ማንበብ ይጀምራል። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ተጠቃሚው ብራውዘር ውስጥ ሲደርስ ያንኑ ቅጽ ዳግመኛ ሞልቶ ገጹን ይረከባል። የአሠራሩ መሠረት ሁለቱ ውጤቶች አንድ ይሆናሉ የሚለው ግምት ነው።

ይህ ግምት ሲፈርስ አይተናል። አንድ የትምህርት ክፍል የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ጥር 10 መሆኑን በድረ ገጹ አስታወቀ። ፕሮግራሙ የመዘገበው ግን ቀኑን ሳይሆን ዕለቱ በኮምፒውተር አቆጣጠር የሚጀምርበትን ቅጽበት፣ ማለትም የአዲስ አበባን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነበር። ሰርቨሩ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ሰዓት ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ያው ቅጽበት ለሰርቨሩ የዋዜማው ምሽት 3 ሰዓት ሆነ፤ በቅጹም ላይ «ጥር 9» ብሎ ሞላ። ፈጣን መስመር ያላቸው ተማሪዎች ብራውዘሩ አርሞላቸው ጥር 10ን አነበቡ። ፕሮግራሙ ያልደረሰላቸው ግን ጥር 9ን አነበቡ። ጥር 10 ማለዳ ገጹን የከፈተች አንዲት ተማሪም ቀኑ አልፏል ብላ ምዝገባውን ተወችው።

የሚያሳዝነው፣ ገጹ በሚሠራበት ወቅት መሣሪያው «ሁለቱ ውጤቶች አይመሳሰሉም» ሲል አስጠንቅቆ ነበር። ባለሙያው ግን ማስጠንቀቂያው እንዳይታይ አደረገ። «በኋላ ራሱ ይስተካከላል» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። የሚስተካከለው ግን ለማን ነው?

ነገሩ ተራ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. የናሳ መንኮራኩር ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የጠፋችው፣ አንዱ ፕሮግራም በፓውንድ ሰከንድ ያሰላውን ቁጥር ሌላው እንደ ኒውተን ሰከንድ ስለተቀበለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4.45 እጥፍ ያህል ነው። ቁጥሩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ አሃዱ አብሮት አልተጓዘም።

ስለዚህ ፕሮግራም የምትጽፉ ተማሪዎች ሦስት ነገሮችን እንድትለምዱ እንመክራለን። ቀን ብቻ የሆነውን ነገር እንደ ቀን እንጂ እንደ ቅጽበት አትመዝግቡ፤ ቅጽበት ከሆነም የየት አገር ሰዓት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። ገጻችሁን ፕሮግራሙ ሳይሠራ ከፍታችሁ አንብቡት። ማስጠንቀቂያንም መንስኤውን ሳታውቁ ዝም አታሰኙ።

እኛም መምህራን አሃድ ለረሳ ተማሪ ነጥብ ከመቀነሳችን በፊት፣ የራሳችን ማስታወቂያ የየት ሰዓት እንደሆነ ልንጠይቅ ይገባናል እንላለን።